ዓመት ለሞላው ልጅ ልደት፦ የስኳር ኬክ፣ ያለ ስኳር ወይስ ድፎ?

አስተባባሪ፦ የሳምንቱ መከራከሪያችን ይሄ ነው። አንዱ ወገን «ልጁ የራሱን ልደት ኬክ ይቅመስ፣ የአንድ ቀን ስኳር አይጎዳውም» ይላል። ሌላው «ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስኳር አፉ አይግባ» ባይ ነው። ስድብ ክልክል ነው። ስትጽፉ መጠኑንም ጻፉ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ከሒሳቡ ልጀምር። ዓመት የሞላው ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ጉልበት በግምት 900 ኪሎ ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዚህ ውስጥ ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይሁን ይላል። 5 በመቶው 11 ግራም ስኳር ገደማ ነው። አሁን ተራውን ስፖንጅ ኬክ ተመልከቱ፦ 4 እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 120 ግራም ዱቄት። 12 ቦታ ከቆረጣችሁት አንዱ ቁራጭ ክሬም ሳይቀባ 10 ግራም ስኳር አለው። ክሬሙ ሲመጣ የቀኑ ድርሻ አልፏል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች የሚያገለግለው መመሪያ ደግሞ ስኳር የበዛበት ምግብ ጭራሽ አይሰጣቸው ነው የሚለው።

ቆለኛው (ሸዋ ሮቢት)፦ ሒሳቡ ልክ ነው ጌታዬ፣ ግን የምንጠብቀው የተሳሳተውን በር ነው። ልደት በዓመት አንዴ ነው። በየቤቱ ጠዋት ጠዋት ብስኩት በስኳር ሻይ እየተነከረ ለሕፃን ይሰጣል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 8 ግራም ነው፣ ያውም በየቀኑ። ሻዩ ራሱ የምግቡ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ይሄን ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለን ሻማ ሲለኮስ ነው ሐኪም የምንሆነው?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ በሻዩ ጉዳይ አንለያይም። የሻዩ ጥፋት ግን የኬኩን አያጥብም።

ጋጋሪዋ (ደብረ ብርሃን)፦ ሁለታችሁም ኬኩ እንዴት እንደሚሠራ አልነካችሁትም። ኬክ ቤት ሄዶ «ስኳር ቀንሱልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም። ብዙ ቤት የሚጋግረው በተዘጋጀ ድብልቅ ዱቄት ነው፤ ስኳሩ አብሮ ስለገባ ማንም ለቅሞ አያወጣውም። ተመትቶ የሚቀባው ክሬምም አብዛኛው ሲመጣ ጀምሮ የጣፈጠ ነው። በእርግጥ ማስቀረት የምትችሉት በየንብርብሩ የሚረጨውን የስኳር ውሃና መሃል የሚገባውን ማርማላታ ነው። በስኳር ውሃው ፋንታ የፈላ ወተት ይረጭ በሉ።

ቤት የምትጋግሩ ደግሞ የስፖንጁን አሠራር ይዛችሁ ስኳሩን ብቻ አትዝለሉ። የእንቁላሉን አረፋ ደግፎ የሚያቆመው፣ ኬኩ በማግስቱ እንዳይደርቅ ውሃ የሚይዘው፣ ላዩን የሚያቀላው ስኳር ነው። እሱ ሲወጣ የሚቀረው ጎማ ነው። ከመጀመሪያው በሙዝ የሚሠራ ኬክ ያዙ። ለ15 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ፦ ልጣጩ ሳይቆጠር 200 ግራም በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 2 እንቁላል፣ 4 የሾርባ ማንኪያ እርጎ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 150 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ። ሙዙ ሲበዛ መሃሉ እንደ ገንፎ ይቀራል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ነጩ እስኪጠፋ ብቻ አዋሕዱት፤ ብዙ ከታሸ ይጠነክራል።

የደብረ ብርሃን ሰው የሚሳሳተው ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ነው። ለዚህ መጠን 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ የሚባለው ለቆላ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ጋዙ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ኬኩ ሳይጸና ያብጥና መሃሉ ይሰምጣል። 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ፣ ምድጃውን ከ175 ወደ 185 ዲግሪ አድርጉት፣ በ30ኛው ደቂቃ ስንጥር ውጉበት። ቆለኛው ግን እንዳለ ይጋግረው።

እመ ሕፃናት፦ ምን አደከማችሁ፣ ማር አለ አይደል? የመንዝ ማር፣ ተፈጥሮ!

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ እትዬ፣ ማር ላይ ሁለት ነገር አለ። ድግሱ እሑድ እንዲውል ተብሎ 12 ወር ሳይሞላ ከተደረገ ማር ፈጽሞ አይሆንም። ሕፃን የሚያሽመደምደውን ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም ዘር መሰል ነገር) ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል። መጋገርም አይገድለውም፤ እሱን ለመግደል በግፊት 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፣ የኬክ መሃል ደግሞ 100 አይደርስም። ዓመቱ ከሞላ በኋላ ይሄ ስጋት ያልፋል፤ ያኔም ግን ማር ከስኳር እኩል ነው የሚቆጠረው።

እመ ሕፃናት፦ ተምርስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ይሻላል፣ አሠሩ አብሮት አለ። ግን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ጥርስ ላይም ይጣበቃል። ለዚያ ኬክ 3 ፍሬ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ፈጭቶ መጨመር ይበቃል። «ስኳር የለውም» ብሎ ግማሽ ኪሎ ተምር መክተት ራስን ማታለል ነው።

የድፎ ጠበቃ፦ የማይገባኝ፣ ኬኩን ማን አዘዘብን? በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ላይም ሻማ ይቆማል። ለ1 ኪሎ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ስኳር ዜሮ። ዓርብ ቢውል እንግዳው ይበላዋል። በደጋው ብርድ ሊጡ ለመነሳት እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ ማታ ይቦካ፣ ያ ብቻ ነው ጣጣው።

ጋጋሪዋ፦ ድፎው ላይ ምንም የለኝም። ግን ስድስት ጥርስ ላለው ልጅ ቅርፊቱን አትስጡት፤ ለስላሳውን መሃሉን በእርጎ አርሱለት። ስታስጋግሩም ጠይቁ፣ እንዲቀላ ብሎ ሊጡ ውስጥ ስኳር የሚበትን አለ። የሙዙ ኬክም ለጾም ይሠራል፦ እንቁላሉንና እርጎውን አውጡ፣ ዘይቱን 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ውሃ 80 ሚሊ ሊትር፤ በቤኪንግ ፓውደሩ ፋንታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። አቼቶው እንደገባ ወዲያው ምድጃ ውስጥ ይግባ፤ ቆሞ ከጠበቀ ጋዙ ያልቅና አይነሳም።

ቆለኛው፦ የሚቀባውስ? ያለ ክሬም ፎቶው ላይ ዳቦ ነው የሚመስለው።

ጋጋሪዋ፦ ግማሽ ኪሎ እርጎ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ቀዝቃዛ ቦታ 5 ሰዓት ስቀሉት፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ክሬም ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ሮዝ ከፈለጋችሁ የቀይ ሥር ጭማቂ በጠብታ። የሚቀባው ሊቆረጥ ሲል ነው፤ ከተቀባ ሁለት ሰዓት ካለፈ ውሃ ይለቃል። ኬኩ ትኩስ ሆኖ ከተቀባ ደግሞ ወዲያው ይፈሳል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ እርጎው ከጥሬ ወተት ከሆነ ግን ለልጁ አይሆንም። አካባቢያችን የወተት አገር ነው፣ ከላም በቀጥታ የሚገዛው ብዙ ነው፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢ በዚያው ይተላለፋሉ። መጀመሪያ ይፍላ፣ ለብ ሲል በአንድ ማንኪያ እርጎ ይርጋ። ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

እንቁላልና ለውዝም በልደቱ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቀመሱ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ሳለ ሽፍታ ቢወጣ ከየትኛው ምግብ እንደሆነ አይለይም።

ቆለኛው፦ እሺ፣ የሙዙ ትንሽ ኬክ ለልጁ፣ ክሬም ያለው ትልቁ ለእንግዳ። ሁለት ኬክ ነው እንግዲህ፤ ወጪውን ማን ይችለዋል?

የድፎ ጠበቃ፦ አላልኩም? አንድ ድፎ።

ዝምተኛዋ፦ ፈንድሻውን ማንም አላነሳም። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ የሚዘጋ ነገር ነው፤ ኬኩ ላይ የሚበተኑት ጠጣር የስኳር እንክብሎችም እንዲሁ።

ቆለኛው፦ ለልጁ ማን ሰጠው? ፈንድሻው የሚረጨው ለምርቃት ነው።

ዝምተኛዋ፦ ተረጭቶ የት ይወድቃል? ምንጣፍ ላይ። ምንጣፉ ላይ የሚድኸው ማነው?