ወንድሜ መከላከያ ልግባ እያለ ነው፤ የገባችሁ ሰዎች፣ እውነቱን ለምን ገባችሁ?

የቱሉ_ዲምቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ 20 ሊሞላው ነው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ አልመጣለትም። ያን ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ቤት ውስጥ ማንም አልወቀሰውም፣ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ነው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቀን ሥራ ሠራ፣ ብሎኬት ተሸከመ፣ አሁን ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ በሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት ነው። ሥራውን አይጠላውም። ግን ከተራ አስከባሪው፣ ከተሳፋሪው፣ ከትራፊኩ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውልና ማታ ድምፁ ተዘግቶ ነው የሚገባው።

ሰሞኑን ወረዳ ላይ የምልመላ ማስታወቂያ አይቶ "ልመዘገብ ነው" አለ። እማዬ እህል አልቀምስም ብላ ተኛች። አባዬ ዝም ብሏል፣ እንደ እኔ ግምት ግን በልቡ ደስ ብሎታል። ልጁን ለምን ስለው አንዴ "ለሀገሬ" ይለኛል፣ አንዴ "ዩኤን ይላካል፣ ዶላር አለው" ይለኛል፣ አንዴ ደግሞ "እዚህ ምን አለኝ?" ብሎ ይቆጣል። ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሚያመዝን ግን እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ምክር አልፈልግም። ማለቴ እፈልጋለሁ፣ ግን መጀመሪያ የገባችሁበትን ትክክለኛ ምክንያት ንገሩኝ። ለሰው የምትሉትን ሳይሆን የራሳችሁን። በኋላስ ያ ምክንያት አብሯችሁ ቆየ ወይ?

ከስክስ፦

እህቴ፣ እኔ ወጥቻለሁ። አሁን ገላን አንድ መጋዘን ጥበቃ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ማንንም ሳልፈራ ነው የምጽፍልሽ።

የገባሁት በቤት ኪራይ ምክንያት ነው። አትሳቂ። አባቴ ሲሞት አቃቂ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እማዬ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፣ ከእኔ በታች ያሉት ሁሉም ተማሪ ናቸው። ፋብሪካ ገብቼ ነበር። የግል ድርጅት ይህን ያህል ካልከፈልክ የሚለው ሕግ ስለሌለ የሰጡሽን ተቀብለሽ ዝም ነው፣ ከእሱ ላይ ታክሲና ምሳ ሲነሳለት ለቤት የሚተርፍ ነገር የለም። ሠራዊት ውስጥ ደሞዙ ትልቅ ሆኖ አይደለም። ግን ቀለብሽ፣ ልብስሽ፣ ማደሪያሽ፣ ሕክምናሽ በመንግሥት ስለሆነ የምታገኚው ትንሽ ብር ሳይነካ ቤት ይደርሳል፤ እማዬ ላይ ደግሞ አንድ የሚበላ አፍ ተቀነሰላት። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ምዝገባው ላይ ለምን መጣህ ሲሉኝ "ሀገሬን ለማገልገል" አልኩ። ከፊቴ ያለውም እንደዚያው ብሏል፣ ከኋላዬ ያለውም እንደዚያው። መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

ሥልጠናው ሁርሶ ነበር፣ ድሬዳዋ አካባቢ። ፀሐይዋን አትጠይቂኝ። ፊሽካ የሚነፋው ገና ሳይነጋ ነው። የተሰጠኝ ከስክስ ጫማ ይሰፋኝ ስለነበር ሩጫ ላይ ተረከዜን ላጠው፤ ካልሲዬ ከቁስሉ ጋር ይጣበቅና ማታ በውሃ አርሼ ነበር የማላቅቀው። ካልሲ ላይ ደረቅ ሳሙና ማሸት ያስተማረኝ አንድ የወላይታ ልጅ ነው፣ ሳሙናውንም የቆረሰልኝ እሱ ነው። እዚያ ሳሙና ምን ያህል እንደሚከበር የገባ ያውቀዋል። ኮቾሮ የሚባለውን ደረቅ ብስኩት ደግሞ ሻይ ውስጥ ካልነከርሽው ጥርስ ይነቅላል። ይህ ሁሉ ለታክሲ ረዳት ልጅ አይከብደውም። የሚከብደው አለቃ ሲጮህበት መልስ አለመስጠት ነው፣ እሱን ከአሁኑ ቤት ውስጥ ይለማመድ።

ብዙ ሰው "ለጓዶቼ ስል ቆየሁ" ይላል። ለእነሱ እውነት ይሆናል። እኔን ያቆየኝ ግን ወር በመጣ ቁጥር ለእማዬ የምልከው ብር ነው፣ ታናናሾቼ ትምህርት ሲጨርሱ ለመውጣት አስቤ ያሰብኩትን አደረግሁ።

የዩኤኑን ነገር ግን አስረጂው። የተባበሩት መንግሥታት በአንድ ሰላም አስከባሪ በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ይከፍላል፣ የሚከፍለው ግን ለላከው መንግሥት ነው እንጂ ለወታደሩ በእጁ አይደለም። ወታደሩ የሚደርሰውን መንግሥቱ ይወስናል። ያም ሆኖ ከደሞዝ በጣም ይሻላል፣ አብዬ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት ቦታ፣ ደርሰው መጥተው ቤት የሠሩ አሉ። ግን አብዬም ቢሆን ተልዕኮው በ2003 ሲጀመር ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛ ጦር ነበር፣ በ2014 ተቀይረው ወጡ። ዕድሉ የሚመጣው ክፍልሽ ሲመረጥ ነው፣ አንቺ ስለፈለግሽ አይደለም። ለዩኤን ብሎ የሚገባ ሰው ሎተሪ እየቆረጠ እንደሆነ ይወቀው።

የዱከም_ልጅ፦

እኔ ያደግሁት ቢሾፍቱ አየር ኃይል ሰፈር ነው፣ አባቴ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነበር። ለምን ገባህ የሚለኝ ሰው ራሱ ይገርመኛል፣ እኛ ቤት የማይገባ ነበር የሚጠየቀው። ሁለተኛው ምክንያቴ ትምህርት ነው፤ የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ እዚያው ቢሾፍቱ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን እያየሁ ነው ያደግሁት። ወንድምሽ ውጤት ባይኖረውም ከገባ በኋላ ሙያ እንዲማር ይጠይቅ፣ ሹፌርነት፣ መካኒክ፣ ሬዲዮ፣ ምንም ይሁን። ሲወጣ የሚያበላው እሱ ነው። ስለ ጡረታ ደግሞ ማንም አያነሳም እንጂ መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛ የሚያዋጣው የደሞዙን 11 በመቶ ሲሆን ለወታደርና ለፖሊስ 25 በመቶ ነው። በ20 ዓመቱ ስለ ጡረታ የሚያስብ የለም፣ እኔም አላሰብኩም ነበር።

ሲቪል_ነኝ፦

ይቅርታ ግን እዚህ ሁሉም ስለ ደሞዝና ስለ ሙያ ነው የሚያወራው። ሥራ ቢኖር ማን ይሄዳል? የሀገር ፍቅር ምናምን የሚባለው ለቴሌቪዥን ነው።

የእኛ ሰፈር ልጅ፣ ጎሮ ነው፣ በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ሲነሳ ተመዘገበ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ሲፈረም ሆስፒታል ነበር። ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ለምን ገባህ ስለው "አብሮ አደጎቼ በሙሉ ተመዘግበው እኔ ብቻዬን ጀበና ቡና ጋ ልቀመጥ?" ይለኛል። ይኸው ነው ምክንያቱ። ሰፈር ውስጥ ብቻ መቅረት አስጠልቶት።

ሌላው ደግሞ ማንም ያላነሳው ነገር። ወንድምሽ ድንበር ላይ ቆሞ የውጭ ጠላት የሚጠብቅ ከመሰለው ዜና አይሰማም ማለት ነው። አሁን ውጊያው ሀገር ውስጥ ነው። ከፊቱ የሚቆመው ሰው የእሱን ቋንቋ የሚናገር፣ ምናልባትም የአጎቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱን አስቦበታል ወይ?

ሜዲክዋ፦

@ሲቪል_ነኝ የመጨረሻውን ልክ ብለሃል፣ እሱን ሳያስብ የሚገባ ልጅ በኋላ ይጎዳል፣ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን አልስማማም። ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ የሚገባ አስመሰልከው።

የእኔን ልንገርሽ እህቴ። ከገጠር መጥቼ ለገጣፎ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አሠሪዎቼ ክፉ አልነበሩም፣ ግን ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም፣ "አንቺ ልጅ" ነው። አንድ ቀን ገበያ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ወታደር ገባች፣ ሬንጀር ለብሳ፣ ፀጉሯን በመለዮ ሸፍና። ረዳቱ እኔን ሁልጊዜ "ተጠጊ፣ ተጠጊ" የሚለኝ ልጅ እሷን "ነይ እህቴ፣ ጋቢና ግቢ" አላት። ሒሳብም ሲቀበላት በሁለት እጁ ነው የተቀበላት። እኔ በቃ እሱን ፈለግሁ። ሀገርም ደሞዝም ትዝ አላለኝም። አብረውኝ ከሠለጠኑት ሴቶች ደግሞ ያለ ፈቃዷ ልትዳር ስትል አምልጣ የመጣች ነበረች፣ ወንድሟ ሞቶ በእሱ ፋንታ የመጣችም ነበረች። ማታ ማታ ሲወራ ነው እውነቱ የሚወጣው፣ ቀን ላይ ሁላችንም "ለሀገሬ" ነን።

ግን ስሚ፣ ቁስለኛ ማከም ከጀመርኩ በኋላ "ለሀገሬ" የሚለው አፌ ላይ ብቻ መሆኑ ቀረ። እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አልችልም። ለሁሉም ሰው ግን እንደዚያ አይሆንም፣ እየመረረው የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረም አውቃለሁ፣ ያ ደግሞ ከሕግ ጋር ያጣላል።

ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። "ነገ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ቋሚ ሥራ ብታገኝ ትሄዳለህ ወይ?" በይው። መልሱን ሲሰጥሽ አትከራከሪው፣ ዝም ብለሽ ስሚው።

ጋሽ_ሰበታ፦

ልጆቼ፣ እናንተ ታድላችኋል፣ ለምን ገባህ ትባባላላችሁ። እኛን የጠየቀን አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይል ነበር። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል፣ ሁለት ዓመቱ አልቆ በጊዜው ቤቱ የገባ ጎረቤት ግን አላየሁም። በኋላ በኋላማ አፈሳ ሆነ። ኮርኒስ ውስጥ የከረመ ልጅ ነበር፣ እናቱ ምግብ በመሰላል እያቀበለችው። እኔን ከቃሊቲ ነው ያፈሱኝ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ።

በ1983 ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሬ መጣሁ። ለምን እንደገባሁ ሳላውቅ ገብቼ ለምን እንደወጣሁም ሳላውቅ ወጣሁ። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ውትድርናውን ወድጄው ነበር። ሰልፉን፣ ሥርዓቱን። በፈቃዴ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ እወደው ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

የልጅቷ እናት እህል አልቀምስም ማለቷን ሰው አቃልሎ አለፈው። እሷም መጠየቅ አለባት። ሳይመረቁ መሄድ ጥሩ አይደለም። ልጁ ተደብቆ እንዳይመዘገብ፣ እሱን አደራ።

ሲቪል_ነኝ፦

ጋሼ እርስዎ ያሉት እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ያኔ በጉልበት ነበር፣ ዛሬ በችግር ነው።

ጋሽ_ሰበታ፦

አይደለም ልጄ። በችግር የመጣ ሰው ምዝገባው ደጃፍ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ቤቱ መመለስ ይችላል። እኔ ካሚዮን ላይ ነበርኩ።

የቱሉ_ዲምቷ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉትን ለእማዬ አነበብኩላት፣ "እኚህ ሰውዬ የሰው ወግ ያውቃሉ" ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ጠጣች።

@ሜዲክዋ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ጠየቅሁት። መጀመሪያ "ሥራ ካለ ምን አስቸገረኝ" አለ። ከዚያ ራት በልቶ ሲጨርስ መጣና "ምን ዓይነት ሥራ?" አለኝ። ጥበቃ በለው፣ ፋብሪካ በለው ስለው ፊቱ ተቀየረ። "እዚያ ሄጄ ያው አንተ ልጅ ልባል?" አለኝ። ስለዚህ ሥራ ብቻ አይደለም መሰለኝ፣ ያንቺ ነገር ነው የያዘው። የሲቪልን ጥያቄም ጠየቅሁት፣ ከፊትህ የሚቆመው የሀገርህ ልጅ ቢሆንስ አልኩት። እሱን አልመለሰልኝም። ወጥቶ ደጅ ቆየ።

አሁን አልመዘገብም አላለም፣ እመዘገባለሁም አላለም። የሚመጣው ዙር ይደርስብኛል እያለ ነው።

ሜዲክዋ፦

ዙር ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል፣ ለዚያ ብሎ አይጣደፍ። ከወሰነ መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ከአሁኑ ያዘጋጅ። የጤና ምርመራ አለ፣ የቆየ ሕመም ካለበት አይደብቅ፣ ሥልጠና ላይ ይወጣበታል። የአገልግሎት ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ ሳይጠይቅ አይፈርም። ያልመለሰልሽን ጥያቄ ደግሞ ሳይመልስ አይሂድ።

ከስክስ፦

እኔ ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም። ከፈለገ ገላን ይምጣና ቁጭ ብለን እናውራ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቦታውን እነግርሻለሁ። እዚህ ላይ የማይጻፉ ነገሮችም አሉ።

የቱሉ_ዲምቷ፦

እሺ ወንድሜ፣ እነግረዋለሁ። እማዬ እኔም ካልመጣሁ እያለች ነው፣ ችግር አለው?

ከስክስ፦

ትምጣ እንጂ። ልጁ ግን አያውቅ፣ ካወቀ አይመጣም።