በ35 ዓመቱ ብሩ ወዳለበት የሄደ ተጫዋች እልሁን ሸጧል ይባላል?

የአዘዞው ባጃጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ኳስ ከምናይበት ቤት ከአብሮ አደጌ ጋር ተኳርፈን ወጣን። እሱም አልደወለ፣ እኔም አልደወልኩ። እስቲ ፍረዱን።

ነገሩ የተነሣው በክሮሺያዊው አማካይ በሞድሪች ነው። ሰውዬው 40 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከሪያል ማድሪድ ወጥቶ ወደ ጣሊያኑ ኤሲ ሚላን ገባ። በልጅነቱ የሚደግፈው ቡድን ነው። ከዚያ በፊትም በፈረንጆቹ 2023 ለአንድ ዓመት ብቻ ፈርሞ ማድሪድ ቀረ። በዓመቱ ስድስተኛ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫውን አነሣ። በዚያው በ2023 ክረምት የማድሪዱ አጥቂ ቤንዜማ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶር ከወሰደ ዓመት ሳይሞላው ሳውዲ፣ ጅዳ ወርዶ ለአል ኢትሃድ ፈረመ። 35 ዓመቱ ነበር። እኔ "አንዱ እልሁን ይዞ ቀረ፣ አንዱ ሸጠው" አልኩ። ጓደኛዬ "ኳስ ሥራ ነው፣ የተሻለ ከተገኘ ይኬዳል" አለ። ከዚያ ነገር ከረረ።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። በፈረንጆቹ 2012 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሙኒክ ላይ አጥቂያችን ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ ሲያገባ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤቱ ጢም ብሎ አግዳሚ ላይ ቆመን ነው ያየነው። የመጨረሻዋንም ፍጹም ቅጣት ምት እሱ መታት። አምሽቼ ስገባ አባቴ በአለንጋ ጠበቀኝ፤ አልተሰማኝም። ወር ቆይቶ ድሮግባ ለሻንጋይ ሸንዋ ፈረመ ተባለ። ያን ቀን ግን አለቀስኩ። ከሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ በቀጥታ ወደ ቻይና! ግማሽ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ቱርኩ ጋላታሳራይ ሄደ። ያቺ ግማሽ ዓመት እስከዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እድሜው የገፋ ተጫዋች ዋንጫውን ትቶ ብሩን ቢመርጥ፣ እኛ ደጋፊዎች የመቀየም መብት አለን?

ጅዳ የኖረች፦
ወንድሜ፣ ስለ ኳስ ብዙ አላውቅም። ስለ ጅዳ ግን አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። የእማዬን ቤት ቆርቆሮ ያስቀየርኩት፣ ታናሽ እህቴን ያስተማርኩት በዚያ ብር ነው። ጎንደር ተመልሼ ስገባ "ብር ፍለጋ ሄደች" ብሎ የተቀየመኝ ሰው የለም። መርቀው ነው የተቀበሉኝ። እኔ ስሄድ ጎሽ የተባለው ለቤንዜማ ለምን ነውር ይሆናል?

እሱ በፊትም ነበረው ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ግን ሌላም ነገር ልንገርህ። እኔ የነበርኩበት ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ኢትሃድ ሲጫወት ጥቁርና ቢጫ ማሊያ ለብሰው ከቀትር ጀምሮ ይቁነጠነጣሉ። ሲሸነፍ እራት አይበሉም። የሠራሁት ምግብ እንዳለ ይመለስልኝ ነበር። ቡድኑ በፈረንጆቹ 1927 የተመሠረተ ነው፤ በ2004 እና በ2005 የእስያ ሻምፒዮን ሆኗል። ለእነዚያ ልጆች ከማድሪድ አያንስም። ቤንዜማ በ2025 ሊጉንም የንጉሡንም ዋንጫ አነሣላቸው። እልሁን የሸጠ ሰው ይህን ያደርጋል?

የድሮ ቀኝ ተመላላሽ፦
ልጄ፣ እኔ በ1990ዎቹ እዚሁ ጎንደር ተጫውቻለሁ። ቀኝ ተመላላሽ ነበርኩ። እናንተ ዋንጫና ብር ትላላችሁ። 30 ዓመት ያለፈው ተጫዋች ሌሊት የሚያስበው ጉልበቱን ነው።

ማድሪድ 30 ያለፈውን ተጫዋች በአብዛኛው አንድ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚያስፈርመው። በየዓመቱ "ዘንድሮስ ያቆዩኝ ይሆን?" እያሉ መኖር ነው። ሳውዲ ደግሞ የሦስት ዓመት ውል ይዛ ትመጣለች። ፈረንሳዊውን አማካይ ካንቴን ተመልከት። ቼልሲ የመጨረሻ ዓመቱን ባብዛኛው በጉዳት ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ወደ ኢትሃድ ሲሄድ "አበቃለት" ተባለ። እዚያ ሰውነቱ ዳነ፣ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ለፈረንሳይ ቋሚ ሆኖ ተሰለፈ።

ሁሉም ግን አይቀናውም። ካሜሩናዊው አጥቂ ኤቶ በፈረንጆቹ 2011 የጣሊያኑን ኢንተርን ትቶ ወደ ሩሲያው አንዢ ሄደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለሀብቱ በጀት ቆረጠ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ያንተው ቼልሲ ነው የተቀበለው። እንግሊዛዊው ሄንደርሰንም የሊቨርፑልን አምበልነት ትቶ ሳውዲ፣ አል ኢቲፋቅ ገባ፤ ስድስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ወደ ሆላንዱ አያክስ ሄደ። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ስሙ አልነበረም። ብር የሚከፍል ሊግ ሁሉ ተጫዋችን አያቆይም። መጠየቅ ያለበት "ስንት ይከፍላሉ?" ብቻ ሳይሆን "ልምምዱ እንዴት ነው? ሐኪም አላቸው?" ነው።

የእኛ አገር ልጅ ደግሞ ምርጫው ሌላ ነው። አቡበከር ናስር በእኛው አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሊግ 29 ጎል አግብቶ፣ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስ ሄደ። ለእሱ ብሩም ትልቁ ውድድርም ያለው በአንድ መንገድ ነበር። ያ ዓመት የኛ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን የሆነበት ነው፤ እሱን ሳላነሣ አላልፍም።

የአዘዞው ባጃጅ፦
እህቴ፣ ስለ እራቱ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ቼልሲ ሲሸነፍ እራት አልበላም። ኢትሃድን ቡድን ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ።

የሞድሪች ነገር ግን አይለወጥብኝም። በዚያ እድሜ ጣሊያን ሄዶ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር መሮጥ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ድሮግባንም አሁን ሳስበው ያስቀየመኝ ብሩ አይደለም። ሳልጠግበው መሄዱ ነው። በ2014 ተመልሶ መጣ፣ በዓመቱ ሊጉን አነሣልን። ያኔ ይቅር ብዬው ነበር፤ ቅዳሜ ለታ ለጓደኛዬ ይህን አልነገርኩትም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎን ብር ጠርቶዎት ያውቃል?

የድሮ ቀኝ ተመላላሽ፦
ጠርቶኛል። 29 ዓመቴ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ሎዛ ማርያም አካባቢ ሻይ ጋብዘው የደሞዜን እጥፍ ነገሩኝ። የእኛ ቡድን ያን ዓመት ለማደግ ሁለት ጨዋታ ቀርቶት ነበርና ቀረሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቴ ዞረ። አላደግንም። የሦስት ወር ደሞዜም እንደወጣ ቀረ።

ሰዎቹ ዛሬ ቢመጡ ሻዩን እንኳ ሳልጨርስ ነበር የምፈርመው። ግን ያችን የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ሕዝቡ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ስሜን ሲጠራ የነበረውን፣ በምንም ብር አልሰጣትም። ሁለቱም እውነት ነው ልጄ። አሁን ለጓደኛህ ደውልለት።