ዳክን ከሆም ቲያትር ሪሲቨር ጋር ማገናኘት ይጠቅማል?

ጥያቄ፣ ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር በአታን ማኅሌት ጨምሮ በርካታ የአቋቋም ቅጂዎች በላፕቶፔ ላይ አሉኝ። ድምፃቸውን ለማሻሻል ስል በዩኤስቢ የሚሠራ ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ድምፅ ወደ አናሎግ የሚለውጥ መሣሪያ ገዝቼ፣ አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሳብውፈር ካለው የሆም ቲያትር ሪሲቨር (ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን እንጂ የዲሽ ሪሲቨሩን ማለቴ አይደለም) ጋር ላገናኘው አስቤአለሁ። ከጀርባው ሲዲ፣ ኦክስ እና ፎኖ የሚሉ ቀይና ነጭ መሰኪያዎች፣ እንዲሁም የኤችዲኤምአይ መግቢያ አሉ። የትኛው ላይ ልሰካው? ልዩነቱስ በጆሮ የሚታወቅ ነው?

መልስ፣ ከአራዳ

ሲዲ ወይም ኦክስ በሚለው ላይ በቀይና ነጭ ገመድ ይሰኩት፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ፎኖ በሚለው ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይሰኩት። ይህ መሰኪያ ከሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚመጣውን በሚሊቮልት የሚለካ ደካማ ምልክት ለመቀበል የተሠራ በመሆኑ፣ የገባለትን መቶ እጥፍ ያህል ያጎላል፤ ወፍራሙን ድምፅ ደግሞ ከቀጭኑ አብልጦ ከፍ ያደርጋል። ከዳክ የሚወጣው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ቮልት ስለሚደርስ፣ በዚያ በኩል ሲገባ የተሰባበረ ጩኸት ይሆናል፤ ስፒከርም ሊያበላሽ ይችላል።

መልስ፣ ከአዘዞ

አሰካኩ ከላይ እንደተባለው ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መሰካቱ ራሱ ነው። ብዙዎቹ የሆም ቲያትር ሪሲቨሮች በአናሎግ የገባላቸውን ድምፅ እንዳለ አያሳልፉትም፤ ወፍራሙን ለይተው ወደ ሳብውፈሩ ለመላክና ድምፁን ለክፍሉ ለማስማማት ሲሉ መልሰው ወደ ዲጂታል ይለውጡትና በራሳቸው ዳክ እንደገና ወደ አናሎግ ይመልሱታል። ስለዚህ በመጨረሻ የሚሰሙት የሪሲቨሩን ዳክ ነው፤ የእርስዎ መሣሪያ በመሃል ሁለት ልወጣ ከመጨመር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ይህን ለማስቀረት የገባውን ድምፅ ሳይነካካ በቀጥታ የሚያሳልፈውን፣ ዳይሬክት ወይም ፒዩር ዳይሬክት የሚባለውን የሪሲቨሩን አሠራር መምረጥ ይቻላል። ችግሩ ግን ይህ ሲመረጥ በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ሳብውፈሩ ዝም ማለቱ ነው። ትናንሾቹ ስፒከሮች ብቻቸውን የከበሮን ድምፅ ማውጣት ስለማይችሉ፣ መረግዱ ሲመታ ጸናጽሉ ጎልቶ ከበሮው የቆርቆሮ ድምፅ ይሆንብዎታል። ለማኅሌት ይህ ምን ይረባል?

የእኔ ምክር ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ በቀጥታ ከሪሲቨሩ ጋር እንዲያገናኙት ነው። ልወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ሳብውፈሩም ሥራውን ይሠራል። ዳኩ ለጆሮ ማዳመጫ የሚሆን መውጫ ካለው ለዚያ ያቆዩት፤ ወይም ወደፊት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ያሉት ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ሲገዙ ይጠቅምዎታል። በነገራችን ላይ፣ ቅጂዎቹ ከቴሌግራም የወረዱ ኤምፒ3 ከሆኑ፣ ሲጨመቁ የጠፋውን የትኛውም ዳክ አይመልሰውም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኦክስ በኩል ሞክሬው ነበር፤ የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል። ዳኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፣ ከአዘዞ

ዳኩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ያጫውቱ፤ እምምምታው ከጠፋ መንስኤው ላፕቶፑና ሪሲቨሩ በየራሳቸው የግራውንድ (የመሬት) መስመር ተያይዘው፣ በሁለቱ መካከል በአናሎግ ገመዱ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ መመላለሱ ነው። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ይሰማል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ቢሰኳቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ በኤችዲኤምአይ ሲሆን ደግሞ ድምፁ በዲጂታል ስለሚያልፍ ይህ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የሶኬቱን የግራውንድ እግር ሰብሮ ማስወገድ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።