የፓርኪንሰን ሕመምተኛው አባቴ ዝም ብለዋል፤ ኀዘን ነው ወይስ የአንጎል ሕመም?

ጥያቄ፦ የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አባቴ የ68 ዓመት ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ኮምቦልቻ በመካኒክነት ሠርተዋል። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከተነገረን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን እንክብል በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚወስዱ የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥና የእግራቸው መጎተት በመጠኑ ረግቧል። ከመስከረም ወዲህ ግን ከሰው ጋር መጫወት ትተዋል። ከአሱር ሰላት በኋላ ሙስበሃቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዲቱን ዶቃ በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው ይይዟትና ሳትንቀሳቀስ መግሪብ ይደርሳል። በረካውን ሳይጠጡ ከቡና ተነሥተው የማያውቁ ሰው ዛሬ አቦሉንም አይቀምሱም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነቅተው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ሸክም ከምሆንባችሁ አላህ ቢወስደኝ ይሻል ነበር» አሉኝ።

አጎቶቼ «በሽታውን ሰምቶ ተስፋ ስለቆረጠ ነው፤ ሶብር ያድርግ» ይላሉ። እውነት ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነው ወይስ ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ነገር አለ? የድባቴ መድኃኒትስ ከሚወስዱት እንክብል ጋር ይስማማል? ከሁለት ወር በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለማቅለሽለሽ መርፌ ተወግተው ሰውነታቸው ለቀናት ግትር ብሎ ስለነበር አዲስ መድኃኒት ማስጀመር ፈርተናል። ዘንድሮም ረመዳንን እጾማለሁ ብለዋል።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ (ደሴ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ብቻሽን ከአባትሽ ጎን ተቀመጪና «መሞት ይመኛሉ? ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው። ጥያቄው ያልነበረ ሐሳብ አያመጣባቸውም፤ እንዲያውም ብዙ ሕሙማን የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ይቀልላቸዋል። «አዎን» ካሉሽ ብቻቸውን አትተዪአቸው፤ እንክብሎቹን አንቺ ያዢና ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ከ100 የፓርኪንሰን ሕሙማን 35 ያህሉ ሕክምና የሚያስፈልገው የድባቴ ምልክት ይታይባቸዋል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ሕመሙ ራሱ አንጎል ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ ነው። በመካከለኛው አንጎል ጥቁሩ ቁስ በሚባለው ስፍራ፣ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ስለሚሞቱ እንቅስቃሴ እንደሚዘገይ ሐኪሙ ነግሯችሁ ይሆናል። ዶፓሚን ግን የእጅና የእግር አገልጋይ ብቻ አይደለም፤ ከዚያው አካባቢ የሚነሡ ሌሎች የነርቭ ሐረጎች ደስታንና የመነሣሣትን ስሜት ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ይሄዳሉ፤ እነርሱም ይሳሳሉ። ከዚህ ዝቅ ብሎ በአንጎል ግንድ ውስጥ ሌሎች መልእክት አመላላሾችን የሚያመነጩ ስፍራዎች አሉ፤ ሴሮቶኒን የሚያመነጩት ራፌ የሚባሉት የሕዋሳት ስብስቦችና ኖርአድሬናሊን የሚያመነጨው ሎከስ ሴሩሊየስ ይገኛሉ። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት የደረጃ አከፋፈል መሠረት፣ አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ተበላሽቶ የሚከማችባቸው እነዚህ የታችኛው ግንድ ክፍሎች ከጥቁሩ ቁስ ቀድመው ይነካሉ፤ ቅደም ተከተሉ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ አንድ ዓይነት ነው ማለት ግን አይደለም። በአንዳንድ ሰዎች ድባቴው እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የሚመጣው ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ያን ጊዜ ገና ስለ በሽታው የሰሙት ነገር የለም፤ ስለዚህ «ሰምቶ ተስፋ ስለቆረጠ ነው» የሚለው ሁሉንም አያስረዳም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ ድባቴ ያለባቸውን የፓርኪንሰን ሕሙማን ድባቴ ከሌለባቸው ጋር አስተያይቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ላይ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚያመላልሱት የነርቭ ጫፎች በሎከስ ሴሩሊየስ እንዲሁም ፍርሃትንና ስሜትን በሚያስተናግዱት እንደ አሚግዳላ ባሉ ክፍሎች ቀንሰው አግኝቷቸዋል። የቦርከና ወንዝ ከላይ ከደሴ በኩል ሲቀንስ እናንተ ታች ያለው መስኖ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ ግንዱ ላይ ያሉት ምንጮች ሲነጥፉ የስሜት ክፍሎቹ ይጠማሉ። እንግዲህ የአባትሽ ኢማን ደክሞ አይደለም።

መልስ፦ የእናቱ አስታማሚ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ነርሷ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ የአጎቶችሽንም ሐሳብ ጨርሰሽ አትጣዪው። ፓርኪንሰን ያለባት እናቴ እንጀራ መጋገር ያቃታት ቀን ምጣዱ ፊት ተቀምጣ ያለቀሰችው ሴሮቶኒኗ ስላነሰ ብቻ አልነበረም። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። እኛን የጠቀመን ማስታወሻ መያዝ ነው፤ እንክብሉን የወሰደችበትን ሰዓት፣ ሰውነቷ የተሳሰረበትንና የከፋትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ስጽፍ፣ የሚከፋት በአብዛኛው የሚቀጥለው እንክብል ሊደርስ ሲል፣ የቀደመው ኃይሉ ሲያልቅ እንደሆነ ታየን። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ የሰዓቱን ርቀት ሲያቀራርበው ግማሹ ጭንቀት ለቀቃት። የቀረው ግማሽ የድባቴ መድኃኒት አስፈልጎታል።

መልስ፦ ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)

እህታችን፣ መርፌውን በተመለከተ ስሙን ከካርዱ ላይ ይፈልጉት። ለማቅለሽለሽ በብዛት የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላዚል የሚሉት፣ ዶፓሚንን አንጎል ውስጥ ስለሚያግድ የፓርኪንሰንን ሕመም ያባብሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ ናቸው። የእነዚህን ስም በወረቀት ጽፈው ከአባትዎ ካርድ ጋር ያያይዙት፤ የትም ቢሄዱ ያሳዩት።

የድባቴ መድኃኒት ከሌቮዶፓ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን የመሳሰሉት ለብዙ ሕሙማን ይታዘዛሉ፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው እንዳያቋርጡት። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ቢሆንም በዚህ ዕድሜ ግራ መጋባትን፣ የሆድ ድርቀትንና ሲነሡ የደም ግፊት መውረድን ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ በጥንቃቄ ይመዝነው። ሴሌጂሊን ወይም ራሳጂሊን የሚባሉትን ሌሎች የፓርኪንሰን መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነ ከድባቴ መድኃኒት ጋር አደገኛ መጋጨት ሊኖር ስለሚችል ሳይናገሩ አይጀምሩ። ከሁሉም አስቀድሞ የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይጠይቁ፤ በእነዚህ በኩል ያለ ችግር ድባቴ መስሎ ይታያል።

ጾሙን በሚመለከት፣ ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር የሚያስከትል አስጊ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል። ከሰሁር እስከ ፊጥር ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ሰውነትም ስሜትም አብረው ይወድቃሉ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ የእንክብሉ ሰዓት አይነካ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሆጤ)

ልጄ፣ እኔ ራሴ ሕመምተኛ ነኝ፤ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጄምስ ፓርኪንሰን ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲገልጽ የስሜት ሕዋሳትና አስተሳሰብ እንደማይጎዱ አድርጎ ጽፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የሰው ዓይን እጃችን ላይ ብቻ እንደቀረ ይሰማኛል። እኔንም ለሦስት ዓመት እጅዎን ያሳዩ እንጂ ልብዎ እንዴት ነው ያለኝ አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የፊታችን ጡንቻዎችም በሕመሙ ይያዛሉና ፊታችን ብዙ ጊዜ እንደተኮሳተረ ይቀራል። የልጅ ልጄ ሲጫወት ውስጤ እየሳቀ ፊቴ ግን አይፈታም፤ ልጁም አያቴ ተቆጥቷል ብሎ ይርቀኛል። ስለዚህ የአባትሽን ፊት አይተሽ አትፍረጂ፤ ጠይቂያቸው። ደግሞም ግድ ማጣት የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ሰውዬው አያዝንም፣ አያለቅስም፣ ለመነሣት የሚገፋው ነገር ብቻ ይጠፋበታል። ይህ ከድባቴ ስለሚለይ መድኃኒቱም ይለያል፤ ሐኪሙ እንዲለይላችሁ ንገሩት። አባትሽ ግን እንቅልፍ ማጣታቸውና የተናገሩት ቃል ወደ ድባቴው ያደላል።

እኔን ከመድኃኒቱ ጋር ያነሣኝ መራመድ ነው። ጠዋት እንክብሉ ከሠራ በኋላ የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ ከልጄ ጋር አርባ ደቂቃ እሄዳለሁ። «ይራመዱ» ብትያቸው አይነሡም፤ «ሱቅ ድረስ አብረውኝ ይምጡ» በያቸው። አብሽሪ።

ጠያቂዋ፦ የቦርከና ልጅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። በዚያው ምሽት ጠየቅኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ራሴን አልጎዳም፤ ሐራም ነው። ግን ልቤ ውስጥ ምንም የለም» አሉኝ፤ እጃቸውም የበለጠ ተንቀጠቀጠ። ይህን ቃል ሳልቀንስ ጽፌ ከሁለት ሳምንት ማስታወሻ ጋር ይዤ ደሴ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። የደም ምርመራው ደህና ነው። ሐኪሙ የእንክብሉን ሰዓት አስተካክሎ ሰርትራሊን በትንሽ መጠን አስጀመራቸው፤ በየወሩ የሥነ አእምሮ ባለሙያም ያያቸዋል። መርፌው ሜቶክሎፕራማይድ እንደነበረም ካርዱ ላይ አገኘነው።

ስለ ረመዳኑ የሰፈራችን ሼኽ ቤት ድረስ መጥተው፣ ጾም የሚጎዳው ሕመምተኛ እንዲያፈጥር እንደተፈቀደለትና የማይድን ሕመም ያለበት ሰው በየቀኑ ምስኪን ማብላት እንደሚችል አስረዷቸው። አባቴ ምንም አልመለሱም፤ ሼኹ ሲወጡ ግን እስከ በሩ ሸኟቸው። አሁን አራተኛ ሳምንታቸው ነው። ትናንት ከአሱር በኋላ ሄጄ ሳያቸው ዶቃዋ በጣታቸው ሥር ቀስ እያለች ታልፍ ነበር። አጎቶቼም የነርሷን መልስ አንብቤላቸው ነገ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ።