ቀይ ምልክት ወጣብኝ፣ ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሚሚ ሜሪላንድ፦ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። በምራቅ የሚሰራውን የዲኤንኤ ምርመራ ለጨዋታ ብዬ ነበር ያዘዝኩት። ፋይሉን ደግሞ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። «ኤፍጂኤፍአር 2፣ ሁለት ቅጂ፣ የጡት ካንሰር 63 ከመቶ» ብሎ በቀይ አወጣብኝ። ብራካ የሚሉት የጡት ካንሰር ጂን ግን አረንጓዴ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ አንዲት ልጅ አለችኝ። ነገ 3 ሰዓት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። ጡቴን አስወግዱልኝ ልበል?

የበርበሬው፦ 3 ሰዓት በአበሻ ነው በፈረንጅ? መጀመሪያ እሱን አጣሪ። ቀጠሮው እንዳያልፍሽ።

ደጉ ሰው፦ ጥቁር አዝሙድ በማር። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ።

ጋሽ መምህሩ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከስሩ ልጀምርልሽ። ብራካ 1 በ1994፣ ብራካ 2 በ1995 ነው ተለይተው የታወቁት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእነዚህ ጂኖች ብልሽት ብርቅ ነው፣ ሲገኝ ግን ከባድ ነው። ይዘው ከተወለዱ 10 ሴቶች ሰባቱ ያህል እስከ 80 ዓመታቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ያንቺዋ፣ ኤፍጂኤፍአር 2 በሚባለው ጂን ላይ ያለችው ትንሽ ለውጥ፣ ከሌላ ጎራ ናት። በ2007 የብዙ ሺህ ሴቶች ዲኤንኤ ሲወዳደር የተገኘች፣ ተራ፣ በየሰው ቤት ያለች። ዛሬ እንደሷ ያሉት ከ150 በላይ ይታወቃሉ። እያንዳንዷ እንደ ቁንጥር ጨው ናት፣ ብቻዋን ወጡን ጨዋማ አታደርገውም። ይህን ለመረዳት ሜንዴል ከሚባለው መነኩሴ አተር መነሳት ያስፈልጋል...

የበርበሬው፦ ጋሼ፣ አተሩን ነገ ያስተምሩን። ልጅቷ ቀጠሮ አላት።

ነርስ ነኝ፦ ሚሚዬ፣ ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም። ከመቶ ሴቶች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ይህን ምልክት ጭራሽ ካልያዘች ሴት ይልቅ ያንቺ ዕድል በ63 ከመቶ ይበልጣል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሴቶች 13 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። እንዳንቺ ያሉትም በዚያ 13 ውስጥ ተቆጥረዋል። ስለዚህ ያንቺ ከዚያ ከፍ ይል ይሆናል እንጂ 63 የሚባል ነገር የለም። እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሴቶች 14ቱ ሁለቱንም ቅጂ፣ ከእናትም ከአባትም፣ ይዘዋል። የሁሉም ጡት ይቆረጥ? ደግሞ እነዚህ ስሌቶች በአብዛኛው በአውሮፓ ዘር ሴቶች ላይ የተሰሩ ናቸው። ለአፍሪካ ዘር ሲሆን ይደክማሉ። ለመሆኑ ቤተሰብ ውስጥ የታመመ ሰው አለ?

ሚሚ ሜሪላንድ፦ እፎይ። በእናቴ በኩል ማንም የለም። የአባቴ እህት ብቻ ናት፣ አዲስ አበባ በ38 ዓመቷ ያረፈችው። ቤት ውስጥ «ያ በሽታ» ነበር የሚሉት። ጡቷን እንደነበር የሰማሁት ለቅሶው ላይ ነው። በአባት በኩል ስለሆነ አይቆጠርም ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

ነርስ ነኝ፦ ቆይ ቆይ። ወሬው ሁሉ እዚህ ነው እኮ ያለው! አባትም እንደ እናት እኩል ያስተላልፋል። የተበላሸ ጂን ተሸካሚ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጁ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በ38 ዓመት ማለት ደግሞ ገና በወጣትነት ነው። አረንጓዴዋ ላይ አትደገፊ። ቤት ድረስ የሚላከው ምርመራ በአብዛኛው ብራካን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። በፈረንጅ 2018 እዚህ አገር የተፈቀደው የሚያየው 3 ለውጦችን ብቻ ነበር፣ እነሱም አሽኬናዚ በሚባሉት የአውሮፓ አይሁድ ዘንድ የሚበዙት። የኛ ሰው ጂኑ ሌላ ቦታ ላይ ተበላሽቶ ቢሆን አያየውም። ነገ ቀዩን ገጽ ይዘሽ አትሂጂ። ወረቀት ላይ የሁለቱንም ወገን ጻፊ፤ ማን፣ ምን ካንሰር፣ በስንት ዓመቱ። የኦቫሪ፣ የፕሮስቴት፣ የቆሽትም ካለ ጨምሪ። ከዚያ «የጄኔቲክስ አማካሪ ጋ ላኩኝ» በይ፣ በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ የሚያማክር ባለሙያ ማለት ነው። አባትሽ በሕይወት ካሉ መጀመሪያ እሳቸው ቢመረመሩ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል።

ዝም በል አትናገር፦ እንዳትመረመሪ! ኢንሹራንስ ያባርርሻል።

ታክስ ሰሪው፦ አያባርራትም። በፈረንጅ 2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በጂን ውጤት ሰው እንዳያገሉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። እሱን ካሰብሽ ከምርመራው በፊት ግዢ።

ደጉ ሰው፦ ጥቁር አዝሙዱን ሞከርሽው?

ጋሽ መምህሩ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ ልጄ፣ ምን አሉሽ? ጠፋሽ።

ሰላም ዳላስ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው። ይህን አንብቤ እናቴ ጋ ደወልኩ። «አክስቴ በምን ነበር የሞተችው?» ስላት «ዛሬ ደግሞ ምን አስታወሰሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዴት ብዬ ልጠይቃት?