ጸበል ቦታ ምዬ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት፤ ያቆማችሁ ሰዎች እንዴት ቻላችሁ?

ጠያቂ፦ የአባዶው ሹፌር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ፊት አውጥቼ የማላውቀውን ነገር ነው የምጽፈው።

31 ዓመቴ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቴና ከሁለት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ገልባጭ መኪና ነው። ከሰንዳፋ በኩል ጠጠር እየጫንኩ ወደ ከተማ አስገባለሁ። ጫት የጀመርኩት ሌሊት ስነዳ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ነበር። አሁን ሌሊት ባልሠራም እቅማለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ሰውነቴ ራሱ ያውቀዋል። ያዛጋኛል፣ ያቁነጠንጠኛል፣ ሰው ማናገር ያስጠላኛል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ አለ። ድሮ ሁለት ቢራ ይበቃኝ ነበር። አሁን አረቄ ነው፤ ሳልጠጣ የማድርበት ቀን የለም ማለት ይቻላል።

አምና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። «ሁለተኛ አልነካውም» ብዬ ማልኩ። 19 ቀን ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ምያለሁ፤ ሁለቱንም አፈረስኩ። አሁን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ ማማተብ እንኳ ያሳፍረኛል። ንስሐ አባቴ ሲደውሉ ስልኩን አላነሳም።

የሚብሰው ጾም ሲገባ ነው። ጫት ረሃብ ያጠፋል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ለእኔ ምንም አይደለም። ጎረቤት «ጾመኛ ነው» ይለኛል። እኔ ግን ጉንጬን ሞልቼ ነው የምጾመው።

እምነቴ ስለደከመ ነው የማልችለው? ጫቱንና አረቄውን አንድ ላይ ልተው ወይስ አንድ በአንድ? ያንን 8 ሰዓትስ እንዴት አለፋችሁት?

መልስ፦ ቃሚ የነበርኩ፣ ጀሞ

ወንድሜ፣ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ብየዳ ቤት ነበር የምሠራው።

8 ሰዓትን ታግዬ አላሸነፍኩትም። ሸሸሁት። ዮሴፍም የጲጥፋራ ሚስት ስትይዘው ቆሞ አልተከራከረም፤ ልብሱን ጥሎ ሮጠ። እኔ የሮጥኩት ከምሳ ነው። አስበው እስቲ፣ ቃሚ ምሳ የሚበላው ለመቃም ነው። ጠግበን እንበላለን፣ ከዚያ እግራችን ራሱ ወደ በርጫው ቤት ይወስደናል። ስለዚህ ከጓደኞቼ ጋር ምሳ መብላት አቆምኩ። እናቴ ቤት ሄጄ እበላለሁ፤ እሷ ቡና ታፈላለች፤ እስከ 10 ሰዓት ከእሷ አልለይም። ሥራዬን ወደ ጠዋትና ወደ ማታ አዞርኩት። ገቢዬ ቀነሰ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ሦስት ወር ተቸግሬአለሁ።

ገንዘብ እጄ ላይ አላሳድርም ነበር። የታክሲ ብቻ ይዤ እወጣለሁ። የባለ ጫቱን ስልክ አጠፋሁ። በቃሌ ስለማውቀው ግን ያ ብቻውን አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ ሄጄ «ከዛሬ ጀምሮ በዱቤ እንዳትሰጠኝ» ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ብቻ ነው። ከዚያ ዱካክ መጣ። ሌሊት የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ያንቀኛል፤ እየጮህኩ እነቃለሁ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዳዊት ትደግም ነበር። እሱ ያልፋል፤ እንዳትፈራ። እኔም ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሁለቱም ጊዜ ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት ነው።

አንተ ጋ የሚያሰጋኝ ረዳትህ ነው። እሱም ይቅማል አይደል? መኪና ውስጥ ጫት ካለ ምንም ብልሃት አይሠራም። ወይ አብራችሁ ተዉ፣ ወይ ረዳት ቀይር።

መልስ፦ አንድ አማኝ

ይሄ መንፈስ ነው። ጸበሉን ይግፋበት፤ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር ውስጥ እንዳይገባ። እኔ ሲጋራን በአንድ ቀን ነው የተላቀቅሁት።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

አንተ በአንድ ቀን በመላቀቅህ እግዚአብሔር ይመስገን። ለጠያቂው ግን ምክርህ አደጋ አለው። ጠያቂው ስለ አረቄው የምጽፈውን ሳያልፍ ያንብብልኝ።

ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። አንጎልን የሚያነቃቃ ነው። ስታቆም ድካም፣ ድብርት፣ ብስጭት፣ ዱካክ ይመጣል። ይከብዳል፤ በአብዛኛው ግን ለሕይወት አያሰጋም። አልኮል ሌላ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያንቀጠቅጠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ሰው ይሞትበታል። እኔ ሥራዬ ላይ አይቻለሁ፤ ቤተሰብ «ጋኔኑ እየለቀቀው ነው» ብሎ ሲጠብቅ ሕክምናው የዘገየበት ልጅ።

ስለዚህ ልጠይቅህ። ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል? ሳትጠጣ ስትቀር እንቅልፍ እምቢ ይልሃል? አንዱ ካለ አረቄውን ብቻህን በአንድ ጊዜ አታቁም። አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። እሱ ከራቀህ በአቅራቢያህ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምር፤ ሪፈር ይጽፉልሃል። ለጥቂት ቀን መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጥሃል። ጫቱን ከዚያው ጋር መተው ትችላለህ። እንዲያውም ጨብሲ የሚመጣው ከምርቃና በኋላ ስለሆነ፣ ጫቱ እያለ አረቄውን ብቻ መተው ያስቸግራል።

በእነዚያ ቀናት እህል ውኃ ሳትቀምስ እንዳትውል። መሪም እንዳትጨብጥ። ጫት ያቆመ ሹፌር እንቅልፉ በድንገት ነው የሚመጣው፤ ከኋላህ ጠጠር ጭነሃል። ከባለንብረቱ የአንድ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ለምን።

ደግሞ ድብርቱ ከብዶ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ለነገ አትበለው፤ ያኔውኑ ለባለቤትህ ንገራትና ሐኪም ጋ ሂዱ።

መልስ፦ ዲያቆን

የነርሷን ቃል አከብራለሁ። ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ባለመድኃኒትን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ጸበልና ክኒን አይጣሉም።

አሁን ወደ መሐላው። ወንድሜ፣ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቶ አትማሉ ብሎናል። በየመውደቅህ አዲስ መሐላ እየጨመርክ ሸክምህን አክብደኸዋል። አራተኛ እንዳትምል። ንስሐ አባትህ ጋ ሄደህ ያፈረስካቸውን ንገራቸው። ቀኖናው እንደ አቅምህ ይሰጥሃል። ደጋግመው የሚደውሉልህ እኮ ሊቆጡህ አይመስለኝም።

«እምነቴ ደክሞ ነው?» ላልከው የአባ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ላስታውስህ። ሰኔ 24 የምናከብራቸው ናቸው። ወንበዴ ነበሩ። መንኩሰው ግብፅ በረሃ ከገቡ በኋላም የድሮው ፍላጎት ለረጅም ጊዜ ይዋጋቸው ነበር። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ አባ ኤስድሮስ ጎህ ሳይቀድ ጣሪያ ላይ ይዘዋቸው ወጡ። ጨለማው በአንዴ እንደማይገፈፍ፣ ብርሃኑ ቀስ እያለ እንደሚመጣ አሳዩአቸው። መነኩሴው በረሃ ውስጥ ዓመታት ከፈጀባቸው፣ አንተ በ19 ቀን ራስህን ከሃዲ አትበል።

ጾሙን በተመለከተ እየቃሙ መጾም ረሃቡን መሸሽ ነው። ይህን አንተው ደርሰህበታል። ስትታከም ለጥቂት ቀን ጾሙን እንድታቀል ንስሐ አባትህን ጠይቅ። በራስህ አትወስን።

መልስ፦ የለገጣፎ እናት

ልጄ፣ እኔ የጠጪ ሚስት ነበርኩ። ነፍሱን ይማረውና። አንድ ነገር ብቻ። ለሚስትህ መቼ እንደምትጀምር ንገራት። ባሌ ሁሌ በድብቅ ይጀምርና በድብቅ ይወድቅ ነበር። ሲነጫነጭ እኔን የጠላኝ እየመሰለኝ መልስ እሰጠዋለሁ፤ እሱም በዚያው ተናዶ ይወጣል። ባውቅ ኖሮ ዝም እለው ነበር። አጥሚት ሠርቼ እጠብቀው ነበር።

መልስ፦ ወንድም፣ ሱሉልታ

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ግን ጸሎታችን አንድ ነው። እኛ ጋ ማክሰኞ ማታ የምንገናኝ አምስት ወንድሞች ነን፤ ሁላችንም ከአንድ ነገር የወጣን። ደንባችን ከወደቅህ በኋላ ሳይሆን ሐራራው ሲጀምርህ ደውል ነው። ከወደቅህ በኋላ መደወል ከባድ ነው፤ ያፍራል ሰው። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ፣ ትፈወሱም ዘንድ አንዱ ስለ ሌላው ይጸልይ የሚለው ለእኛ እንዲህ ነው የገባን። አንተም በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በጽዋ ማኅበር አንድ ሰው ፈልግ። አንድ ይበቃል። እስኪ ዛሬ ማታ ስለ አንተ እንጸልያለን።

ጠያቂ፦ የአባዶው ሹፌር

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሁለቴ።

ሲስተር፣ አዎ፣ ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው እል ነበር። ሰኞ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ባለንብረቱ አሥር ቀን ፈቅዶልኛል፤ ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

እናቴ፣ ለባለቤቴ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ «ምሳህን ቤት ነዋ የምትበላው» አለችኝ።

ንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ና ብለውኛል። የሱሉልታው ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ ስልክህን በውስጥ ላክልኝ። ነገ 8 ሰዓት ላይ ልደውልልህ እችላለሁ።