የአሮጌ ኤክስሬይ ማሽን ብረት በጨረር ተዳክሞ ይሆን?

በያጁ ማቲ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጥ ሰው የአሮጌ ኤክስሬይ ማሽን ምሰሶ ገዛሁ። ወፍራም ነው፣ ዝገት የሚባል የለውም። ለውኃ ታንከር ማስቀመጫ አስቤው ነበር። ረዳቴ ግን «ስንት ዓመት ጨረር የጠጣ ብረት ነው፤ አንድ ቀን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል» አለኝ። እውነት ነው? ታንከሩ ሥር ልጆች ይጫወታሉ።

ሶስና፦ ወንድሜ፣ ሥራዬ ኤክስሬይ ነው። ማሽኑ ጨረር የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው። ምሰሶው ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ደረጀ መካኒካል፦ ረዳትህ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ብረት በጨረር ይሰበራል፤ ግን የኒውክሌር ማብለያ ውስጥ፣ በኒውትሮን። ፈጣን ኒውትሮን አንዱን አተም ከተደረደረበት ያፈናቅለዋል። የተፈናቀለው ሌላውን ይገፋል። አብዛኞቹ ወዲያው ይመለሳሉ፤ ያልተመለሱት ክፍተት ትተው ሌላ ቦታ ይሰነቀራሉ። ብረቱ ውስጥ ያለች ጥቂት መዳብም እየተሰባሰበች ትቋጠራለች። ብረት የሚታጠፈው የአተም ረድፎቹ ሲንሸራተቱ ነው። እነዚህ ጉድለቶች መንሸራተቱን ይይዙታል። ስለዚህ ብረቱ ይጠነክራል፣ መታጠፍ ግን ያቅተዋል። ድሮ በከባድ ብርድ ብቻ ይሰነጠቅ የነበረው፣ አሁን ሞቅ ባለበትም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ከማብለያው ጋን ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ቁራጮች ውስጡ አስቀምጠው፣ በየጊዜው እያወጡ በመዶሻ ማሽን የሚሰብሯቸው። ፊንላንድ ውስጥ፣ ሎቪሳ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ፣ በጣም የተጎዳው የጋኑ የብየዳ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አግለው ሳይሰበር የመታጠፍ አቅሙን መለሱለት።
ኤክስሬይ ግን አተም የማፈናቀል ጉልበት የለውም። ኤሌክትሮኖችን ነው የሚነካው፤ ብረት ውስጥ ደግሞ እነሱ ወዲያው ይተካካሉ።

በያጁ ማቲ፦ ተባረክ ጋሼ! ግን ኤክስሬይ መሆኑን የነገረኝ ሻጩ ነው።

ሶስና፦ እንግዲያውስ መቁረጫውን አስቀምጥ! የካንሰር ማከሚያ ኮባልት ማሽን ከሆነ፣ ምንጩ ሳይሰካም ጨረር ይለቃል። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሲዩዳድ ኹዋሬዝ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ለቁርጥራጭ ተሽጦ ፌሮ ሆኗል። የታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 1984፣ ፌሮውን የጫነ መኪና አሜሪካ ሎስ አላሞስ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሲደርስ የጨረር መለኪያ ጮኾ ነው። ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ወይም በእርሳስ የታሸገ ከባድ ጭንቅላት አለው?

በያጁ ማቲ፦ የለውም። ባዶ ምሰሶ ነው። የተለጠፈበት ሳህን «125 ኪሎቮልት» ይላል።

ሶስና፦ እፎይ። ኮባልት ጨረር ለማውጣት ኪሎቮልት አያስፈልገውም፤ ኤክስሬይ ነው።

ደረጀ መካኒካል፦ አሁን ማግኔት አስጠጋበት። ካልያዘው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። ታንከርህ 2000 ሊትር ከሆነ፣ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ነው፤ ውፍረቱን ለክተህ ጻፍልኝ።